የዶክተር ኢቫን ኦሲየር ጉዳይ፦ ሰባት ኦሎምፒክ፣ አንድ የብር ሜዳሊያ፣ አንድ እምቢታ

ዴንማርካዊው ሐኪም ኢቫን ኦሲየር በሰባት የበጋ ኦሎምፒኮች በፌንሲንግ፣ ማለትም በስፖርታዊ የሰይፍ ግጥሚያ፣ ተሰልፏል፤ በ1908፣ በ1912፣ በ1920፣ በ1924፣ በ1928፣ በ1932 እና በ1948 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጀመረው ለንደን ላይ በ19 ዓመቱ ነው፤ የጨረሰውም እዚያው ለንደን በ59 ዓመቱ። ከዚህ ሁሉ ምልልስ ያገኘው ሜዳሊያ አንድ ብቻ ነው፦ በ1912 ስቶክሆልም ላይ ኤፔ በተባለው የሰይፍ ዓይነት በግል ውድድር የወሰደው ብር።

ስሙ በመዛግብት የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የ40 ዓመት ርዝመት ነው። ርዝመቱ በእርግጥም ያስደንቃል። የሰውየውን የስፖርት ሕይወት ለመረዳት ግን ከርዝመቱ ይልቅ የሚጠቅሙት ሁለት ዓመታት ናቸው። በ1912 የዘመኑ ኃያላን በደንብ ክርክር ተቆጥተው ከኤፔው መድረክ ቀሩ፤ ኦሲየር ቀርቦ ብር አገኘ። በ1936 ደግሞ ሌሎቹ ለኦሎምፒኩ በርሊን ሲገቡ የቀረው እሱ ነበር። የመጀመሪያው መቅረት የጥቂት ሴንቲሜትር ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የሰው ልጅ ክብር ጉዳይ። የስፖርት ታሪክ ሁለቱንም «አልተሳተፈም» ብሎ በአንድ ቃል ስለሚያልፋቸው ይህን የጉዳይ ጥናት ማዘጋጀት አስፈልጓል።

ሐኪሙ

ኦሲየር ዲሴምበር 16 ቀን 1888 ከአይሁድ ወገን በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ተወለደ። እንጀራው ሕክምና ነበር። በአገሩ ሻምፒዮናዎች በሦስቱም የፌንሲንግ መሣሪያዎች በድምሩ 25 ጊዜ አሸንፏል። ይህ ቁጥር ከሰባቱ ኦሎምፒኮች ያልተናነሰ ትኩረት ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሦስቱ መሣሪያዎች አንድ ስፖርት ይባሉ እንጂ የሚጠይቁት አስተሳሰብ የተለያየ ነው።

ፎይል ቀላሉ ነው፤ ክብደቱ እስከ 500 ግራም፣ የዘንጉ ርዝመት እስከ 90 ሴንቲሜትር። የሚቆጠረው በጫፉ የተወጋ ብቻ ሲሆን ዒላማው አካለ ደረት ነው፤ እጅ፣ እግርና ጭንቅላት ዒላማ አይደሉም። በተጨማሪም የቅድሚያ መብት የሚባል ደንብ አለ፦ ማጥቃት የጀመረው ባለመብት ነው፣ የተጠቃው መጀመሪያ መመከት አለበት፣ ከመከተ በኋላ መብቱ ወደ እሱ ይዞራል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢወጋጉ ነጥቡ ለባለመብቱ ይሰጣል። ሳብር የፈረሰኛ ጎራዴ ልጅ ነው፤ እስከ 500 ግራም ይመዝናል፣ ዘንጉ እስከ 88 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ በመውጋትም በመቁረጥም ነጥብ ያስገኛል፣ ዒላማውም ከወገብ በላይ ያለው አካል ነው። የቅድሚያ መብት እዚህም ይሠራል።

ኤፔ የተወለደው ከእውነተኛው የክብር ፍልሚያ ነው። ክብደቱ እስከ 770 ግራም ይደርሳል፣ ዘንጉ ሦስት ማዕዘን ያለውና ጠጣር ነው፣ ዒላማው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር መላው አካል ነው። የቅድሚያ መብት የሚባል ነገር የለም፤ ቀድሞ የወጋ አሸነፈ። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ቢወጋጉ ሁለቱም ተመትተዋል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኤፔ በብዙ ውድድሮች የሚወሰነው በአንድ ምት ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ከተመቱ ሁለቱም እንደተሸነፉ ይመዘገባል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ሰይፉ ስለታም ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ሟች ነበሩ። በዘመናዊው ፔንታትሎን የኤፔ ክፍል ይህ የአንድ ምት ግጥሚያ እስከ ዘመናችን ቆይቷል።

በፎይል መብትን መጠበቅ የለመደ ተጋጣሚ ኤፔ ሲይዝ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት አለ። ጥቃት ሲመጣበት ሰፊ መመከት ይመክትና ክንዱን ያጋልጣል። በፎይል ክንድ ዒላማ ስላልሆነ ጉዳት የለውም፤ በኤፔ ግን አንጓው ላይ ይወጋል። በተቃራኒው የኤፔ ሰው ፎይል ሲይዝ ጥቃት ሲመጣበት እጁን ዘርግቶ ቀድሞ ለመውጋት ይሞክራል፤ ይወጋልም፣ ዳኛው ግን መብት አልነበረህም ብሎ ነጥቡን ለተጋጣሚው ይሰጥበታል። በሦስቱም መሣሪያ የአገር ሻምፒዮን መሆን ማለት እነዚህን እርስ በርስ የሚጣሉ ልማዶች ለይቶ መያዝ ማለት ነው። ይህን ያደረገው ደግሞ የሙሉ ጊዜ ሥራው ሕሙማንን ማከም የሆነ ሰው ነው።

ለንደን፣ 1908

ስለ ኦሲየር የመጀመሪያ ኦሎምፒክ ብዙ የሚባል የለም። ውድድሩ የተካሄደው ከቤት ውጭ፣ ከዋናው ስታዲየም አጠገብ በተዘጋጀ ሜዳ ነው። ፎይል ለሜዳሊያ አልቀረበም፤ ኤፔና ሳብር ብቻ። በኤፔ የግል ውድድር ወርቁን ጋስቶን አሊቤር፣ ብሩን አሌክሳንደር ሊፕማን፣ ነሐሱን ኡዤን ኦሊቪየ ወሰዱ፤ ሦስቱም ፈረንሳውያን ናቸው። የቡድኑንም ወርቅ ፈረንሳይ ወሰደች። የ19 ዓመቱ ዴንማርካዊ በዚህ መድረክ ተማሪ ነበር። የፈረንሳይን የበላይነት ግን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ከአራት ዓመት በኋላ ለሆነው ነገር መመዘኛው ይኸው ነው።

ስቶክሆልም፣ 1912፦ የአራት ሴንቲሜትር ጠብ

የፌንሲንግ ደንብ በዚያን ጊዜ አንድ ባለቤት አልነበረውም። እያንዳንዱ አገር የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ መያዣ፣ የራሱ ልክ ነበረው። የኦሎምፒኩ አዘጋጅ አገር ደንብ ሲያወጣ ሌላው ወይ ይቀበላል ወይ ይቀራል። በ1912 ሁለት ጥያቄዎች ቀረቡ፤ ሁለቱም ተቀባይነት አጡ።

የመጀመሪያው የፈረንሳይ ነው። በፎይል የላይኛው ክንድ የዒላማው አካል ይሁን አሉ። ምክንያቱ በተግባር የታወቀ ነው፦ አንዳንድ ተጋጣሚዎች ሲጠቁ ክንዳቸውን አጥፈው ደረታቸውን ይሸፍናሉ፤ ሰይፉ ክንድ ላይ ያርፋል፣ ክንድ ዒላማ ስላልሆነ ምቱ ከንቱ ይሆናል። በሰውነት መከለል ከመመከት ይልቅ አዋጪ ሆነ ማለት ነው። ጥያቄው ሲወድቅ ፈረንሳይ ከፌንሲንጉ ሙሉ በሙሉ ቀረች።

ሁለተኛው የጣሊያን ነው። የኤፔ ዘንግ ከ90 ይልቅ እስከ 94 ሴንቲሜትር ይፈቀድ አሉ። የ4 ሴንቲሜትር ልዩነት ከውጭ ለሚያይ ጸጉር ስንጠቃ ይመስላል። ለኤፔ ሰው ግን አይደለም፤ ለምን እንደሆነ እናስረዳ።

በኤፔ ቅርቡ ዒላማ ደረት አይደለም፤ መሣሪያውን የያዘው እጅ ራሱ፣ ቀጥሎ አንጓና ግንባረ ክንድ ናቸው። የእጅ ጋሻው ክብ ጎድጓዳ ብረት ሲሆን በአሁኑ ልክ ስፋቱ ከ13.5 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ክንዱን ቀጥ አድርጎ ከጋሻው ጀርባ የደበቀ ተጋጣሚ ከፊት ለፊት የሚወጋ ነገር አይኖረውም። ስለዚህ አጥቂው አንጓውን አጥፎ ጫፉን ከላይ፣ ከታች ወይም ከጎን በማዘንበል በጋሻው ጠርዝ በኩል ማስገባት አለበት። አንጓ ሲታጠፍ ደግሞ ርዝመት ይጠፋል፤ ቀጥ ባለ ክንድ የሚደርስ ዘንግ በታጠፈ አንጓ ጥቂት ሴንቲሜትር ያጥረዋል። ተጨማሪው 4 ሴንቲሜትር ይህን ጉድለት የሚሞላ ነው። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች እጃቸውን በእኩል ቅጽበት ቢዘረጉም ረጅሙ ዘንግ ቀድሞ ይደርሳል፤ የቅድሚያ መብት በሌለበት መሣሪያ መቅደም ማለት ማሸነፍ ነው። በእርግጥ ረጅም ዘንግ ያለ ዋጋ አይገኝም። ጫፉ ይከብዳል፣ ሲመክቱበት ይዘገያል፣ ተጋጣሚው አንዴ ዘንጉን አልፎ ከገባ ባለረጅሙ መልሶ ለመውጋት ክንዱን ወደኋላ መሳብ ይኖርበታል። ቢሆንም በአንድ ምት በሚወሰን ግጥሚያ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ብለን እናምናለን። አዘጋጆቹ አለመፍቀዳቸው ትክክል ነበር።

ጣሊያን በፎይልና በሳብር ቀረበች፤ የፎይሉንም ወርቅ ወጣቱ ኔዶ ናዲ ወሰደ። ከኤፔው ግን ቀረች። እንግዲህ በኤፔ መድረክ ላይ ፈረንሳይም ጣሊያንም የሉም።

ከ15 አገሮች 93 ሰዎች ቀረቡ። አካሄዱ በምድብ ነበር፦ በየምድቡ ሁሉም ከሁሉም ይጋጠማል፣ ጥሩ ውጤት ያላቸው ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋሉ፣ በመጨረሻ ስምንት ሰዎች እርስ በርስ ይጋጠማሉ። አሠራሩ በአንድ ዕድለኛ ግጥሚያ የሚገባ ሰውን ያጣራል፤ የሚክሰውም ቀኑን ሙሉ ትኩረቱ የማይላላን ሰው ነው። ቤልጅጋዊው ጠበቃ ፖል አንስፓክ አንደኛ ወጣ፣ ኦሲየር ሁለተኛ፣ ሌላው ቤልጅጋዊ ፊሊፕ ለ ሃርዲ ደ ቦሊዩ ሦስተኛ። አንድ ዴንማርካዊ በሁለት ቤልጅጋውያን መካከል ቆመ። የቤልጅግ ቡድን በዚያው ውድድር የቡድኑንም ወርቅ ስለወሰደ፣ ኦሲየር በመካከላቸው የገባባቸው ሰዎች ደካሞች አልነበሩም።

ፈረንሳይና ጣሊያን በመቅረታቸው ምክንያት የብሩ ዋጋ ይቀንሳል ወይ? ሐቁን ሳንሸፍን እንናገር። በ1908 ሦስቱንም ሜዳሊያ የወሰደ አገር በሌለበት የተገኘ ብር ያ አገር ባለበት ከተገኘ ብር እኩል አይደለም። ፈረንሳይና ጣሊያን ከተመለሱ በኋላ በነበሩት ኦሎምፒኮች ኦሲየር ሌላ ሜዳሊያ አለማግኘቱም ይህንኑ ይደግፋል። ነገር ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ቀርቦ በተሰጠው ደንብ ተጋጥሟል፣ ከ93 ሰዎች ሁለተኛ ወጥቷል። በውድድር ሜዳ ሊሸነፍ የሚችለው የቀረበ ብቻ ነው።

ጠቡ ፍሬም አፍርቷል። ኖቬምበር 29 ቀን 1913 ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፉ የፌንሲንግ ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ ቤልጅጋዊው አልበርት ፌይሪክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1914 ለሁሉም አገር የሚሠራ የጋራ ደንብ ጸደቀ። የስቶክሆልሙ ባለወርቅ አንስፓክ በኋላ ራሱ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የዘንግ ርዝመት የአዘጋጅ አገር ፈቃድ መሆኑ ቀረ። ዛሬም የኤፔ ዘንግ ከ90 ሴንቲሜትር አይበልጥም።

ምቱን ማን አየው?

የዚያን ዘመን ውጤቶች ለመረዳት ዳኝነቱን ማወቅ ግድ ነው። አንድ ዋና ዳኛና አራት ረዳቶች ነበሩ። ረዳቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ከተጋጣሚዎቹ ጎንና ጎን ይቆማሉ፤ የሚያዩትም አጠገባቸው ያለውን ሳይሆን ፊት ለፊት ያለው ሰው መመታቱን ነው። ምት ያየ እጁን ያነሣል፣ ዋናው ዳኛ ግጥሚያውን ያስቆማል፣ ድምፅ ይሰጣል። በሥራ ላይ በቆየው ደንብ የእያንዳንዱ ረዳት ድምፅ አንድ፣ የዋናው ዳኛ አንድ ተኩል ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን ያሉት ሁለት ረዳቶች ከተስማሙ ዋናውን ዳኛ ያሸንፋሉ፤ ከተለያዩ የዋናው ድምፅ ይወስናል።

ለኤፔ አንድ ረዳት መሣሪያ ነበረ፦ በዘንጉ ጫፍ ላይ የተተከለ ባለ ሦስት ጥርስ ትንሽ ጫፍ። ጥርሶቹ ጨርቁን ይይዛሉ፤ ዘንጉ ቅስት ሲሠራ ዳኛው ያያል። ይህ ሲበላሽ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። ጥርሱ ከደነዘ ጫፉ ጃኬቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ምቱ ይጠፋል። ጥርሱ በጣም ከተሳለ ደግሞ ልብስ ይቀዳል፣ ቆዳ ይጭራል። ከሁሉ የከፋው ግን የእጅ አንጓ ምት ነው፤ ዘንጉ ሳይቀስት ነክቶ ይመለሳል፣ ከአራት ረዳቶች አንዱም ላያየው ይችላል። ጥንቁቅ የኤፔ ሰው ስለዚህ ሁለት ዓይነት ምት ያዘጋጅ ነበር፦ ለተጋጣሚው የሚሆን ፈጣን የአንጓ ምት፣ ለዳኛው የሚሆን ግልጽ የደረት ወይም የትከሻ ምት። ጨዋው ተጋጣሚ መመታቱን ራሱ እጁን አንሥቶ ያምን ነበር፤ ይህ ልማድ በዚያ ዘመን ከደንብ ያላነሰ ክብር ነበረው።

ከሥራ በተረፈ ሰዓት

አማተር የስፖርት ሰው በስፖርቱ ገንዘብ ማግኘት አይፈቀድለትም ነበር። ደንቡ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር በዚያው በስቶክሆልም ሁለት ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊው ጂም ቶርፕ ያሳያል፤ ቀደም ሲል ለቤዝቦል ጨዋታ ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ በ1913 ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። በፌንሲንግ መለያው መስመር ማስተማር ነው። መምህራን ባለሙያ ስለሆኑ በኦሎምፒክ አይሰለፉም። በ1896 አቴንስና በ1900 ፓሪስ ላይ ግን የመምህራን ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር፤ በፓሪሱ የመምህራንና የአማተሮች የጋራ ኤፔ ፈረንሳዊው መምህር አልበር አያ አሸንፎ 3000 ፍራንክ ተሸልሟል። ኔዶ ናዲም በ1920 አንትወርፕ አምስት ወርቅ ካገኘ በኋላ ወደ ቦነስ አይረስ ሄዶ ለማስተማር ሲቀጠር የአማተርነት መብቱን አጥቶ ነበር፤ ኋላ ተመለሰለት።

እንደ ኦሲየር ያለ ሰው ይህ ምርጫ አልገጠመውም፤ ሐኪም ነውና። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ጊዜ። ለምሳሌ የ1932ቱን ኦሎምፒክ እንውሰድ። ከአውሮፓ ሎስ አንጀለስ ለመድረስ አትላንቲክን በመርከብ፣ ከዚያ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በባቡር ማቋረጥ ያስፈልጋል። ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ስለነበረች ብዙ አገሮች ቡድናቸውን ቀንሰው ወይም ጭራሹን ሳይልኩ ቀሩ፤ የተገኘው የተወዳዳሪ ቁጥር ከአራት ዓመት በፊት ከነበረው የአምስተርዳም ግማሽ አይሞላም። የ43 ዓመቱ ሐኪም ግን ሥራውን ትቶ ሄደ።

ዕድሜው እየገፋ መወዳደር የቻለው እንዴት ነው ለሚል ጠያቂ መልሱ ከፊሉ በስፖርቱ ተፈጥሮ ውስጥ አለ። ከዕድሜ ጋር መጀመሪያ የሚከዳው የእግር ፍንጥርታ ነው፤ ተወርውሮ መግባት ያጥራል፣ ከገቡ በኋላ መመለስ ይዘገያል። ርቀትን የመለካት ችሎታ ግን ከልምድ ጋር ይጨምራል። አረጋዊ የኤፔ ሰው ረጅም ጥቃት አይጀምርም፤ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ብሎ ተጋጣሚውን ይጋብዛል፣ የሚገባው ሰው ክንዱን ሲያጋልጥ በማስቆሚያ ምት አንጓው ላይ ይቀበለዋል። በሳብር ይህ መውጫ ጠባብ ነው፤ በሳብር ፍጥነት ራሱ ነጥብ ነው። ስለዚህ በሰውነት እርጅና መጀመሪያ የሚጎዳው ሳብር፣ መጨረሻ የሚጎዳው ኤፔ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ኤለን፣ ፓሪስ 1924

የኦሲየር ቤት ወርቅ የገባው በባለቤቱ በኩል ነው። ኤለን ኦሲየር ኦገስት 13 ቀን 1890 ተወለደች። በ1924 ፓሪስ ላይ የሴቶች ፌንሲንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ የተፈቀደላቸው መሣሪያ ፎይል ብቻ ነበር። ኤለን በ33 ዓመቷ 16 ጊዜ ተጋጥማ 16 ጊዜ አሸነፈች። እንግሊዛዊቷ ግላዲስ ዴቪስ ብር፣ ሌላዋ ዴንማርካዊት ግሬተ ሄክሸር ነሐስ ወሰዱ። በኦሎምፒክ ታሪክ የመጀመሪያዋ የሴቶች ፌንሲንግ አሸናፊ ኤለን ናት።

ይህ ለባሏ ታሪክ ጌጥ ሆኖ የሚጠቀስ ነገር ሆኖ መቅረት የለበትም። በግጥሚያ ጥራት ብቻ ከመዘንን ከሁለቱ የላቀ አንድ ቀን ያሳለፈችው እሷ ናት፤ በውድድሩ አንድ ግጥሚያ እንኳ አልተሸነፈችም። በዴንማርክም የሴቶች ፎይል ሥር ሰደደ፤ በ1948 ለንደን ካረን ላክማን ብር፣ በ1952 ሄልሲንኪ ነሐስ አግኝታለች። ለሴቶች ኤፔ የተከፈተው ግን በ1996 አትላንታ፣ ሳብር ደግሞ በ2004 አቴንስ ነው። ኤለን ከወርቋ በኋላ ሌላ መሣሪያ ይዛ ኦሎምፒክ ልትገባ ብትፈልግ 72 ዓመት መጠበቅ ነበረባት።

በርሊን፣ 1936

ኦሲየር በ1936 የ47 ዓመት ሰው ነበር፤ ስድስት ኦሎምፒክ ጨርሷል። የዴንማርክ ቡድን ወደ በርሊን ሄደ። እሱ የናዚን አገዛዝ በመቃወም አልሄድም አለ።

ውሳኔውን ለመመዘን የጊዜውን ሁኔታ ማስታወስ ያሻል። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙበት ከ1933 ጀምሮ አይሁዳውያን ከጀርመን የስፖርት ክለቦች ተባረዋል። በሴፕቴምበር 1935 የወጡት የኑረምበርግ ሕጎች ዜግነታቸውን ገፈፉ። በዚያው ጊዜ አገዛዙ ኦሎምፒኩን ለዓለም መልካም ገጽ ለማሳየት እያዘጋጀው ነበር። በአባቷ አይሁዳዊት የነበረችው ታላቋ የፎይል ሴት ሄሌነ ማየር ከክለቧ ከተባረረች በኋላ ለዚህ ማሳያ ተፈልጋ ለጀርመን ተሰለፈች፤ ብርም አገኘች። ወርቁን የወሰደችው ሃንጋሪያዊቷ ኢሎና ኤለክም በአባቷ የአይሁድ ዘር ናት። በሳብር ወርቅ ያገኘው ሃንጋሪያዊ እንድረ ካቦሽ አይሁዳዊ ነበር። እነዚህ ሰዎች መድረኩ ላይ ማሸነፍ ራሱ መልስ ነው ብለው አስበው ሊሆን ይችላል፤ በየሁኔታቸው የመረጡትን ልንፈርድባቸው አንነሣም። ኦስትሪያዊቷ ዋናተኛ ዩዲት ዶይች ደግሞ እንደ ኦሲየር እምቢ ብላለች፤ በዚህም በአገሯ ፌዴሬሽን ተቀጥታለች።

ከኦሲየር ጋር በ1908 እና በ1912 ኦሎምፒኮች የተገኘው አይሁዳዊው የሃንጋሪ የሳብር ቡድን ባለወርቅ ኦስካር ጌርደ በ1944 በማውትሃውዘን የማጎሪያ ካምፕ ሞተ። የ1928 እና የ1932 የቡድን ባለወርቁ አቲላ ፔትሻወር በ1943 በግዳጅ ሥራ ላይ ሳለ ሞተ። ሌላው ሃንጋሪያዊ የሳብር ሰው ያኖሽ ጋራይ በ1945 በማውትሃውዘን፣ ካቦሽ በ1944 ቡዳፔስት ላይ በድልድይ ፍንዳታ። ከጦርነቱ በፊት የነበረው የፌንሲንግ ዓለም ትንሽ ነበር፤ ስማቸው በየውድድሩ ዝርዝር ደጋግሞ የሚታይ ሰዎች ናቸው።

በ1912 የቀሩት ፌዴሬሽኖች ናቸው፤ ምክንያታቸውም በጠረጴዛ ዙሪያ ሊፈታ የሚችል ነበር፣ በሁለት ዓመትም ተፈታ። በ1936 የቀረው አንድ ግለሰብ ነው። ቡድኑ ከሄደ በኋላ ብቻውን መቅረት ውድድሩን አያስቆምም፣ ደንብም አያስለውጥም። ኦሲየር ይህን ሳያውቅ አልቀረም። የከፈለው ዋጋም ይታወቃል፦ የኦሎምፒኩ ቁጥር ስምንት መሆን ሲችል ሰባት ሆነ። እኛ ከብሩ ሜዳሊያ በላይ የምናከብረው ይህን ነው።

ለንደን፣ 1948

የ1940 እና የ1944 ኦሎምፒኮች በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄዱም። ዴንማርክ ራሷ ከኤፕሪል 1940 እስከ ሜይ 1945 በጀርመን ወረራ ሥር ነበረች። ኦሲየር ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰው ከሎስ አንጀለስ 16 ዓመት በኋላ ነው።

የተመለሰበት ስፖርት ተለውጦ ነበር። ኤፔ በኤሌክትሪክ የሚዳኘው በኦሎምፒክ ደረጃ በ1936 በርሊን ላይ ስለተጀመረ፣ ኦሲየር ያልሄደበት ውድድር የአሮጌው ዳኝነት መሰናበቻም ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በዘንጉ ጫፍ ላይ ስፕሪንግ ያለው ቁልፍ ይገጠማል፤ በዘንጉ ቦይ ውስጥ የተለጠፉ ቀጫጭን ሽቦዎች ከጫፉ እስከ እጅ ጋሻው ይወርዳሉ፤ ከዚያ በልብስ ውስጥ በሚያልፍ ገመድ ከኋላ ካለው መጠቅለያ ጋር ይገናኛሉ። ቁልፉ ሲጫን የኤሌክትሪክ ዑደቱ ይገናኛል፣ መብራት ይበራል። በአሁኑ ደንብ ስፕሪንጉ 750 ግራም ክብደት ማንሣት አለበት፤ ከግጥሚያ በፊት ዳኛው ክብደቱን ጫፉ ላይ አስቀምጦ ይፈትናል። ስፕሪንጉ ከላላ ነካ ማድረግ ብቻ መብራት ያበራል። በቦዩ ያለው ሽቦ ከተላጠ ወይም ከተበጠሰ እውነተኛ ምት ሳይመዘገብ ይቀራል። የእጅ ጋሻው ደግሞ ከመሬት መስመር ጋር ካልተገናኘ ተጋጣሚው ጋሻውን ሲመታ መብራት ይበራበታል፤ ጋሻው ላይ ዝገት ካለም እንዲሁ ነው።

ለውጡ በአጨዋወት ላይ ትልቅ ነበር። አራት ረዳት ዳኞች ሊያዩት ያልቻሉት የአንጓ ምት አሁን እንደ ደረት ምት ሙሉ ዋጋ አገኘ። ለዳኛው ሲባል የሚደረገው ግልጽ ምት አላስፈላጊ ሆነ። ፎይል እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ፣ ሳብር እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ በዳኛ ዓይን ቆዩ።

በአርባ ዓመትና ከዚያ በላይ ልዩነት በኦሎምፒክ የተወዳደሩ ሌሎችም አሉ። ኖርዌጂያዊው ማግኑስ ኮኖው በጀልባ ሸራ ውድድር ልክ እንደ ኦሲየር ከ1908 እስከ 1948 ተሰልፏል። ዴንማርካዊው ፖል ኤልቭስትሮምና የባሃማሱ ደርዋርድ ኖውልስ በዚያው በሸራ ከ1948 እስከ 1988፣ ካናዳዊው ኢያን ሚላር በፈረስ ዝላይ ከ1972 እስከ 2012፣ ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱም በፈረስ ከ1964 እስከ 2012። ነፋስና ፈረስ የሚሸከሙት ስፖርት ነው የእነዚህ ሁሉ፤ ችሎታው ቀላል ነው ማለታችን አይደለም፣ የዕድሜን ሸክም ግን ይጋራሉ። ኦሲየር በመጋጠሚያው መስመር ላይ ተጋጣሚውን የገጠመው በራሱ እግር ብቻ ነው። ኤለን በሴፕቴምበር 1962፣ እሱ ደግሞ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1965 በ76 ዓመቱ አረፉ።